የአገር ቤት ፍቅርና የደራሲው ምንጭ

(ለማኅበሩ አባላት በንግግር የቀረበ)



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ዳንግላን ያገኛል። ከዚያ ብርዱ እየጨመረ፣ ቀርከሃው በየጓሮው እየታየ ሲሄድ እንጅባራ ይደርሳል፤ ቀደም ሲል ኮሶ በር ትባል የነበረችው ከተማ ናት። የዘንገናን ሐይቅ ከመንገዱ ዳር ትቶ ሲያልፍ ቡሬ አለች። ከቡሬ ወጥቶ ፍኖተ ሰላም ሳይደርስ ደግሞ ማንኩሳ የምትባል ትንሽ ከተማ ትመጣለች። ስሟን ከመጽሐፍ የማያውቅ ሰው በመስኮት አይቷት ያልፋል። የሚያውቅ ሰው ግን አጠገቡ የተቀመጠውን ነካ አድርጎ «የበዛብህ አገር ይቺ ናት» ይላል።

በዛብህ የሚባል እንዲያ ያለ ሰው በማንኩሳ አልተወለደም። እናቱ ውድነሽ በጣሙ፣ አባቱ ቦጋለ መብራቱ፣ ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌል፣ ሁሉም ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ብቻ የኖሩ ናቸው። የሆነ ሆኖ መንገደኛው ተሳስቷል ለማለት ያስቸግራል። አንድ የልብ ወለድ ሰው እንደ ሥጋ ዘመድ አገር ተቆርጦለት፣ ደብር ተጠቅሶለት ሲጠራ ደራሲው ተራ ያልሆነ ነገር ሠርቷል ማለት ነው። የዚህ ንግግር መነሻም ይኸው ነው። አንድ ደራሲ ከአገር ቤት የበቀለ የፍቅር ታሪክ ሲጽፍ የሚቀዳው ከየትኛው ምንጭ ነው? ጥያቄው በእንጅባራና በዳንግላ ብዕር ለሚያነሡ ሁሉ ሩቅ አይደለም፤ ማንኩሳ ለአዊ የአጥር ላይ ጎረቤት ናትና።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። አገር ቤት ውብ ነው፤ ጋራው፣ ምንጩ፣ የመስከረም አደይ፣ የእረኛው ዋሽንት ደራሲውን ያነሣሡታል ይባላል። ይህ ውሸት አይደለም፤ የሚያስረዳው ግን ጥቂቱን ነው። አደይ አበባ በጎጃምም፣ በወሎም፣ በሸዋም ይፈካል። ምንጭ ዳር የተገናኙ ሁለት ወጣቶች የምንጩ ስም ብቻ ተለውጦ ወደ ሌላ አውራጃ ቢዛወሩ ታሪካቸው ምንም ሳይጎድልበት ይሄዳል። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ግን ከጎጃም ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል አይቻልም። እንዳይጋቡ የከለከላቸው ነገር ሁሉ የዚያው አገር፣ የዚያው ዘመን፣ የዚያው ቤት ነውና። ሁለት ሰዎች መዋደዳቸው በዓለም ሁሉ ያለ ነገር ነው፤ እንዳይገናኙ የሚያደርጋቸው እንቅፋት ግን በእያንዳንዱ አገር ለየብቻው የተሠራ ነው። የአገር ቤት ፍቅር ደራሲ ምንጩን የሚያገኘው እንግዲህ በዚህ በእንቅፋቱ በኩል ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ መጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መለስ ማለት ይጠቅማል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት በጣና ዳር በዘጌ ነው። «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ያወጡትና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ይበልጥ የታወቀው መጽሐፋቸው በ1900 ዓ.ም. በሮም ታተመ፤ ደራሲው በዚያ ዘመን በኢጣልያ እየኖሩ በናፖሊ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። ታሪኩ ጦርነትም፣ ስደትም፣ ፍቅርም አለበት። ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ አረመኔው ንጉሥ ይወዳታል፤ በሃይማኖት መለያየታቸው ያቆመው እንቅፋት ንጉሡ ሲያምን ይነሣል፤ ፍጻሜው ሠርግ ነው። አማርኛው ዛሬም የሚደነቅ ነው። ነገር ግን አንባቢ «ይህ ሁሉ የሆነው የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። አገሩ ስም የለውም። ከዘጌ የወጡት ሰው የዘጌን የቡና ጫካ፣ ታንኳውንና ገዳማቱን ወደ መጽሐፋቸው አላስገቡም። ይህ እንደ ነቀፌታ ሊቆጠር አይገባም፤ ጫካ መንጥሮ መንገድ ከሚያወጣ ሰው በመንገዱ ዳር ቤት እንዲሠራም አይጠበቅበትም። ከ58 ዓመት በኋላ ሰብለ ወንጌል በተራዋ መነኩሴ መስላ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ግን አንባቢ ከየት ተነሥታ ወዴት እንደምትሄድ ያውቃል፤ የምትሸሸውንም ቤት ከእልፍኙ እስከ አጥሩ ያውቀዋል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተከታተሉ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። የልብ ወለዱ በዛብህም ከማንኩሳ ተነሥቶ ለትምህርት ዲማ ጊዮርጊስ ይደርሳል። ደራሲው በወጣትነታቸው ያዩትን ደብር ለባለታሪካቸው መስጠታቸው ግልጽ ነው፤ ይህ ግን የምንጩ የላይኛው ውሃ ነው። ከዚህ ጠለቅ ያለው ነገር የቆሎ ተማሪ ኑሮ ራሱ ነው።

የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ከማን ቤት ትኩስ እንጀራ፣ ከማን ቤት የደረቀ ቁራሽ፣ ከማን ቤት ደግሞ ውሻ ብቻ እንደሚወጣለት ጠንቅቆ ያውቃል። የመንደሩን ቤት ሁሉ ከውጭ የሚያውቅ፣ ከውስጥ ግን አንዱንም የማያውቅ ሰው ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ስንት ከብት እንደ ታሰረ፣ ስንት ሎሌ እንደሚመላለስ፣ የቤቱ እመቤት ድምፅ ከየት እንደሚሰማ ይቆጥራል። በማግስቱ ያው ተማሪ ከጉባኤው ሲቀመጥ የሚመዘነው በአባቱ ርስት ሳይሆን በሚዘርፈው ቅኔ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ለማኝም ሊቅም ይሆናል። በዚያ ዘመን በጎጃም ውስጥ የሰው መዓርግ እንዲህ የሚወላውልበት ሌላ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ባላባት ባላባት ነበር፤ ጭሰኛም ጭሰኛ። የቤተ ክህነት ተማሪ ብቻ በሁለቱ መካከል፣ አንድ እግሩን ከደጅ አንድ እግሩን ከውስጥ አድርጎ ይኖር ነበር።

በዛብህ ከደጃፍ ወደ እልፍኝ የገባ ተማሪ ነው። የገባውም በአስተማሪነት ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ሴት ልጃቸውን ፊደል እንዲያስተምራት አስመጡት። ልብ ብሎ ላየው ይህ የደራሲው ትልቁ ግኝት ነው። የድሀ ገበሬ ልጅ ከባላባት ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ዐይኗን እያየ፣ ስሕተቷን እያረመ እንዲነጋገር ያ ሥርዓት የሚፈቅድለት በር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም መጽሐፍ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያንን በር ያገኙት ከሌላ አገር ልብ ወለድ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ሆኖ ደጅ የቆመ ሰው የትኛው በር እንደሚከፈት ያውቃል። ፍቅሩ በምንጭ ዳር ወይም በገበያ መንገድ ቢጀመር ኖሮ አባትየው በአንድ ትእዛዝ ባቆመው ነበር። የተጀመረው ግን አባትየው ራሱ በከፈተው በር፣ በእርሱ ፈቃድና በእርሱ ጣራ ሥር ነው።

ከእንቅፋቶቹ ሁሉ የሚረቀው ደግሞ የፊታውራሪው ኩራት አይደለም፤ የእናት ስእለት ነው። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው በሕይወት እንዲቆይላቸው ብፅዐት ገብተዋል፤ ልጁ ቤተ ክርስቲያንን ሊያገለግል እንጂ እንደ ሰው ሁሉ ሚስት አግብቶ ሊኖር አልተፈቀደለትም። ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም። ልጅ አጥቶ ያገኘ፣ ያገኘውን ደግሞ እንዳያጣ የሚንቀጠቀጥ ወላጅ ሊሰጥ የሚችለውን ሁሉ ሲሰጥ ያደረገው ነው። ብዙ የፍቅር ልብ ወለዶች እንቅፋቱን በክፉ ሰው ላይ ይጭኑታል፤ አንባቢም ክፉውን ጠልቶ ይገላገላል። እዚህ ግን ፍቅርን የያዘው ሌላ ፍቅር ነው። አንባቢ ውድነሽን ሊጠላ አይችልም፤ ይቅር ሊላት እንኳ አያስፈልገውም፤ አብዛኛው የአገር ቤት ሰው በታመመ ልጅ ራስጌ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ስእለት የተሳለ እናት ያውቃልና። ስእለቱ እንዲፈርስ መመኘትም፣ እንዳይፈርስ መፍራትም በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ያድራሉ። ይህንን የመሰለ እንቅፋት በወሬ ከሰሙት አገር አይቀዳም። ከልጅነት ጀምሮ በስእለት መካከል ያደገ ሰው ብቻ ክብደቱን ያውቃል።

ፊታውራሪ መሸሻን በተመለከተ ብዙ ተብሏልና አጭር ማድረግ ይሻላል። ለልጃቸው የመጣውን ባል ሁሉ በዘሩ አይመጥንም እያሉ ሲመልሱ ልጅቱ የማግባቷ ጊዜ ያልፋል። ያው ሰው ገበሬውን በልማድ ከሚሰጠው ሌላ ግብር ሲጠይቁት እምቢ ይላል፤ ሊያስገብሩት ቢዘምቱ በአበጀ በለው የሚመራው ገበሬ ይማርካቸዋል። አንዳንድ አንባቢዎች የገበሬው ዐመፅ ከፍቅሩ ታሪክ ውጭ የገባ ፖለቲካ ይመስላቸዋል። አይደለም። የልጅቱን ባል በትውልድ የሚመዝነውና የገበሬውን ጎተራ በቁና የሚሰፍረው አንድ እጅ ነው። ያ እጅ በአንደኛው ምዕራፍ ጨዋ፣ በሌላው ምዕራፍ ጨካኝ ሊሆን አይችልም። ጉዱ ካሣ ይህን አይቶ በአደባባይ ስለ ተናገረ ነው «ጉዱ» የሚል ቅጽል የተሰጠው፤ አብዛኛው ሰው የሚኖርበትን ቤት ግድግዳ አያይም፤ ያየውን ሰው ደግሞ እብድ ይለዋል። ደራሲው አገራቸውን የወደዱት እየወቀሱ ነው። ወቀሳውን ከመጽሐፉ ቢያወጡት ፍቅሩም አብሮ ይወጣል።

እዚህ ላይ ስለ ርቀት አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ሐዲስ ዓለማየሁ ኢጣልያ ሲወር ከራስ እምሩ ጋር ተሰልፈው ተዋጉ፤ ተማርከውም ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ፤ ከምርኮው የወጡት ከሰባት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ይህንን ዘመን ኋላ በ1985 ዓ.ም. ባሳተሙት «ትዝታ» ውስጥ አስፍረውታል። ከተመለሱ በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካ፣ በኋላም በለንደን በዲፕሎማትነት አገለገሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በለንደን የነበራቸውን የአምባሳደርነት ሥራ በፈጸሙ ማግስት ነው። ስለዚህ ዲማንና ማንኩሳን የጻፉት ሰው ዲማንና ማንኩሳን በየቀኑ የሚያዩ ሰው አልነበሩም። ርቀት ብቻውን ደራሲ አያደርግም፤ አፈወርቅም ሩቅ ነበሩ። ነገር ግን ሩቅ ያለ ሰው የሚረሳውና የማይረሳው ነገር የተለያየ ነው። የአጥሩ ቀለም፣ የመንገዱ መታጠፊያ፣ የገበያው ቀን ሊጠፋው ይችላል። ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን ሲገባ ማን እንደሚነሣ፣ ማን ማንን «አንቱ»፣ ማን ማንን «አንተ» እንደሚል ግን ሰው በምርኮ ደሴት ላይም ሆኖ አይረሳም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ የዘጋ ሰው በአእምሮው የሚቀረው መልክዓ ምድር ሳይሆን ይህ የመቀመጫ ሥርዓት ነው። በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ መካከል የነበረው ትግል ግማሹ በአንድ ቃል ላይ ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም፤ መምህሩን ምን ብላ ትጥራው? እሱስ የጌታውን ልጅ ምን ብሎ ይጥራ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ የፊታውራሪ መሸሻ ዓይነት ሰው የቆመበት መሬት ከሥሩ ተነሣ። ባላባትና ጭሰኛ በሕግ ቀሩ። እንደ ተራ አስተሳሰብ ቢሆን መጽሐፉም አብሮ ማርጀት ነበረበት፤ እንቅፋቱ ከፈረሰ ፍቅሩ ለምን ያስለቅሳል? የሆነው ግን ሌላ ነው። በዚያው በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው፤ ማንበብ የማይችለው የአገር ቤት ሰው ሳይቀር ታሪኩን በጆሮው አወቀው። ፊደል የማያውቅ ገበሬ ፊደል በማስተማር የተጀመረውን ፍቅር በሬዲዮ ማዳመጡ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ያ ሥርዓት በአዋጅ ቢፈርስም በሰው አንደበት ውስጥ መቆየቱን አድማጩ ያውቅ ነበር። ዛሬም በየቤቱ ልጅቱ ወደደች ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ነው። የመሬቱ ልኬት ተለውጧል፤ ጥያቄው ግን ከሚጠየቅበት ቦታ ገና አልተነሣም።

አሁን ከማንኩሳ ወደ ኋላ፣ ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ መመለስ ይቻላል።

ዳንግላ ለውጭ አገር ሰው ዐይን እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ሆኖ በዳንግላ የተቀመጠው ቺዝማን የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር ዞሮ አጥንቷል፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አድርጎ አውጥቶታል። ወንዙ፣ ገደሉ፣ መሻገሪያው ተመዝግቧል። ካርታ አንሺ ግን ሥራው ካርታ ነው፤ ማን ማንን ወዶ ማን እንደ ከለከለው እንዲጽፍ አይጠበቅበትም። ያ የቀረው ለአገሬው ጸሐፊ ነው።

አገሬው ጸሐፊ ብዕር ሲያነሣ ወዲያው የሚመጣበት ፈተና የታወቀ ነው። እንጅባራ ፈረስ አለ፤ ጥር 23 ቀን በሚከበረው በዓል በሺህ የሚቆጠር ፈረሰኛ ተሸልሞ ሜዳውን ሲሞላው ልብ ይሰቅላል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ የዓድዋ ጀግኖችንና የፈረሶቻቸውን ውለታ የሚዘክር አንጋፋ ማኅበር ነው። ዘንገና ሐይቅ አለ፤ ጉም አለ፤ የቀርከሃ ደን አለ። ወጣት ደራሲ አንድ ጎበዝ በፈረስ ላይ፣ አንዲት ቆንጆ በሐይቁ ዳር አስቀምጦ ታሪኩን ቢጀምር አይፈረድበትም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ይቸገራል። ፈረሱ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ፈረሱ ወደ ታሪኩ የሚገባው ጎረቤቱ ባለ ፈረስ ሲሆን ልጁ ፈረስ የሌለው ሲሆን ነው፤ ሠርገኛ በፈረስ በሚሄድበት አገር ሙሽራን በእግር መውሰድ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ፈረስ ለአንድ ቀን የተዋሰ አባት ለአበዳሪው ምን ዕዳ እንደሚገባ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ ደግሞ አለ። አገው ራሱን «ሰባት ቤት አገው» ብሎ ይጠራል። አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ቋቁራ፣ ጫራ፣ መተከልና ዚገም የሰባት ወንድማማች ልጆች ናቸው ተብሎ በትውፊት ይነገራል። በሌላ በኩል በአካባቢው እንደ ሌላው የሰሜን አገር ሁሉ ጋብቻ ሲታሰብ ትውልድ ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ ከሆኑ አይጋቡም። እንግዲህ «ሰባት ቤት» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንደኛው በኩል አንድ ሕዝብ መሆንን ያበሥራል፤ በሌላው በኩል ሁለት ወጣቶችን ያለያያል። ሽማግሌው ተቀምጦ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» እያለ ወደ ላይ ሲቆጥር ልጅና ልጅት የሚጠብቁት ቁጥሩ ስድስት ላይ እንዳይቆም ነው። ቆጣሪው አዛውንት አንድ ስም ቢረሳስ? አውቆ ቢረሳስ? ለሁለት ወጣቶች አዝኖ አንድ ትውልድ የጨመረ፣ ወይም ለቂም ብሎ አንድ ትውልድ የቀነሰ አዛውንት በልብ ወለድ ውስጥ ቢገባ ከፊታውራሪ መሸሻ ያነሰ ክብደት አይኖረውም። በደልም ምሕረትም በአንድ የትውልድ ቆጠራ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

የኑሮው እንቅፋትም ከዘመኑ ጋር አዲስ መልክ ይይዛል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው የእህል ማሳውን ጭምር ዲከረንስ በሚባለው ዛፍ ሸፍኖ፣ አራትና አምስት ዓመት ጠብቆ፣ ቆርጦ ከሰል አክስሎ መሸጥ ከያዘ ቆይቷል። ከሰሉ በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገባበት። የአንድ ቤት ጥሎሽ፣ የአንድ ልጅ ጎጆ መውጫ የቆመው በዚያ ዛፍ ላይ ቢሆን፣ ሁለት አባቶች «ዛፉ ሲቆረጥ ሠርጉ ይሁን» ብለው ቃል ቢገቡ፣ ቅጠሉም በሦስተኛው ዓመት ቢጠወልግ፣ ልጁ ወደ ጃዊ ቆላ ለሥራ ከመውረድ ሌላ ምን መንገድ አለው? ልጅቱስ እስከ መቼ ትጠብቀዋለች? ይህ ታሪክ በየትም አገር አይጻፍም። የሚጻፍበት ቦታ ያ ማሳ ነው። ለጊዜው ስለ ዲከረንስ የሚጻፈው የግብርና ጥናት ነው፤ ጥናቱ የሄክታሩን መጠን ያወጣዋል፤ የተቋረጠውን ሠርግ ግን አይቆጥርም።

በመጨረሻ የቋንቋ ነገር አለ፤ ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉት ባለታሪኮቻቸው በሚናገሩት ቋንቋ ነው። የማንኩሳ እናት በአማርኛ ትሳላለች፤ የዲማ ልጅ በአማርኛ ትወዳለች፤ ደራሲው ያንኑ አማርኛ ወረቀት ላይ ያሰፍራል። የባንጃ ወይም የአንከሻ ቤት ግን እንደዚህ አይደለም። በምድጃው ዙሪያ አውንጊ ይነገራል። አውንጊ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ነው፤ ከአማርኛ ጋር ብዙ ዘመን በጉርብትና ኖሯል፤ አሁን ደግሞ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናት ይማሩበታል። ገበያና ሸንጎ ሲወጡ አማርኛ ይመጣል። ደብር ሲገቡ ቅዳሴው ግእዝ ነው። አንድ ልጅ በአውንጊ ወዶ፣ በአማርኛ ደብዳቤ ጽፎ፣ በግእዝ ተክሊል ሊደርስለት ይችላል። የሚወዳትን ልጅ በሁለቱ ቋንቋዎች ሲጠራት አንድ ዓይነት ሰው ነች ወይ? አባቷ በሸንጎ በአማርኛ የማለውን ቤቱ ገብቶ በአውንጊ ቢሽረው የትኛው ቃል ይጸናል?

የአዊ ደራሲ ታሪኩን በአማርኛ ለመጻፍ ቢወስን ብዙ አንባቢ ያገኛል፤ የእናትየውን ድምፅ ግን ተርጉሞ ማምጣት አለበት። በአውንጊ ቢጽፍ ድምፁ እንዳለ ይቀራል፤ አንባቢው ግን ገና ከትምህርት ቤት እየወጣ ያለ ትውልድ ነው። ሁለቱም መንገድ ዋጋ ያስከፍላል፤ ለደራሲው ይህን ይምረጥ ብሎ ከዚህ መድረክ መናገር ተገቢ አይሆንም። ወደ ውድነሽ በጣሙ ስእለት መመለስ ግን ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በእንጅባራ ጉም ውስጥ፣ በአንዲት ጎጆ፣ አንዲት እናት በታመመ ልጇ ራስጌ ተቀምጣለች ይባል። ልጁ ካደገላት ለታቦቱ ልትሰጠው ቃል ትገባለች። የታቦቱ ቋንቋ ግእዝ ነው፤ ካህኑ የሚያናግራት በአማርኛ ነው፤ እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ የምታንሾካሹከው በአውንጊ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ያ ልጅ ወዶ ሲመጣ ቃሉን የሚያስታውሰው ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ምን ብላ እንደ ተሳለች የሰማ ጎረቤትም ካለ ያንኑ ቋንቋ የሚያውቅ ነው።